ተራሽ ደርሷል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 10፡20

ዛሬም ከፊቴ 3,112 ሰው አለ። ሐ. ከኋላዬ፣ ናቲ ከእሷ ኋላ። ሦስት መስኮት ከፍቼ በመሐል የሰው መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ወ/ሮ አልማዝ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ሥራ አሉኝ። ወረፋ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ሐ. ማለት ሐና ናት። አምስት ኪሎ ታስተምራለች። ሙሉ ስሟን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ደብተርም ብትሆን ታሳፍረኛለህ። ናቲ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አንድ መ/ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ። በኢንተርኔት ጨዋታው ሦስታችን አንድ ቡድን ነን። አዲሱ ሰርቨር ከተከፈተ ወዲህ ለመግባት ብቻ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ተራ ሲደርስ «አለህ?» የሚል ቁልፍ ይወጣል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልነኩት ወደ ጭራ። ስለዚህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ሰውየው እኔ ነኝ። ቁልፉን ነክቼ እደውላለሁ፣ እነሱ ከየቤታቸው ይገባሉ። ስም ወጥቶልኛል፦ ተራ አስከባሪ። እንደ አራት ኪሎ ታክሲዎች።

12፡05። ለሐ. ደወልኩላት። ተራሽ ደርሷል። ሳቀች። ፈተና ላይ እንቅልፍ ስለወሰደው ተማሪዋ አወራችኝ። አራት ደቂቃ። ከትናንት በአንድ ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። 11፡00

ናቲ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፕሮግራም ሠርቷል። ወረፋውን ይጠብቃል፣ ቁልፉን ይነካል፣ በቴሌግራም መልእክት ይልካል። ሁሉንም ራሱ። የእሱ መ/ቤት ጨዋታ ስለሚከለክል እኔ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ደስ ብሎኛል አልኩት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ።

ሐ. በቡድኑ ቴሌግራም ስም አወጣችለት። ተራ አስከባሪ።

የኔን ስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። 12፡10

ይሠራል። እንዲበላሽ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም ነበር።

12፡01 ላይ መልእክቱ ደረሳት። «ተራሽ ደርሷል» ይላል፣ ከጎኑ አበባ። ቃሉ የኔ ነው። አበባው የናቲ። እሷም ልብ መለሰችለት። ለፕሮግራም። አንድ ፎቶ እንኳ በማታክል ፋይል እየቀናሁ ነው፣ ለማን ይነገራል ይሄ? ለአንተ ብቻ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሏል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። 10፡45

አራተኛ ቀን ሳንነጋገር። ሥራ የለኝም፤ ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ። ፕሮግራሙ አይሰለቸውም፣ ሽንት ቤት አይሄድም፣ መታወቂያ ኮፒ አያደርግም።

ሐ. የተማሪዎቿን ማርክ የሚደምርላት ሌላ ፕሮግራም ናቲን ለምናለች። ሐሙስ ከኛ ፎቅ ታች ኬክ ቤቱ ይገናኛሉ። እኔም ተጠርቻለሁ። አንተም ና ተብዬ። «አንተም» የምትባለውን ነገር ሳኝካት ዋልኩ። አልሄድም። (ብሄድስ? አልሄድም።)

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሄድኩ። ስለ ማርክ አንድ ሰዓት አወሩ። ኬኬን ጨርሼ የናቲንም በላሁ። አላስተዋለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 11፡50

ዛሬ ጨዋታው ውስጥ ትልቁ ዘንዶ የሚወጣበት ቀን ነው። በሳምንት አንዴ፣ 12 ሰዓት ላይ። ሐ. ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ነው የምታወራው፤ መዝሙር ልምምዷን ሁሉ አስቀይራለታለች። ከፊታችን 96 ሰው ቀርቷል።

ሶኬቱን ነቀልኩት።

አላሰብኩበትም። አይ፣ አስቤበታለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ለቡድኑ ጻፍኩ፦ ፒያሳ መብራት ሄደ፣ ይቅርታ፣ ማሽን ምን ይታመናል። ቀጥሎ ለሐ. ደወልኩላት፣ ላጽናናት። ድምፅዋ ቅዝዝ ብሏል። ያም ሆኖ ስድስት ደቂቃ አወራን። በደስታ የበዓል ልብስ እንደለበሰ ልጅ ሆኛለሁ። ክፉ ነኝ፣ ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እኔ ጅል። እዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ።

መብራት ሄደ ሲባል ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ይጠይቃል። እናንተም ጋ ሄደ? ናቲም ጠይቋል። አክስቱ እኛው ፎቅ ላይ፣ ከኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ልብስ ይሰፋሉ፤ ያው አንድ የመብራት መስመር ነን። ማሽናቸው እየሠራ ነበር። አምፖላቸውም በርቷል።

ደወለልኝ። አልጮኸም፣ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው እኔ እንዳርፍ ብሎ እንደነበር ነገረኝ፤ ሁለት ሰዓት ስክሪን ላይ ስታፈጥ አሳዝነኸኝ ነው አለ። አመንኩለት፣ ሶኬቱንም፣ ቅናቱንም። ደግነቱ ራሱ አናደደኝ። ሐ.ም ታውቃለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ያ ነው የደረሰብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 9፡30

ሐ. መጣች። የፈተና ወረቀት ልታስባዛ፣ ለ45 ተማሪ። በየመንገዱ ኮፒ ቤት ሞልቶ ሳለ እዚህ መጣች። ማሽኑ እስኪጨርስ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠበቀች። ይቅርታ አልኳት። እሷ ግን፦

«ዘንዶው ይቅር ያሬድ። ከወረፋ ውጪ ደውለህልኝ ታውቃለህ?»

ወረቀት ነከሰ ብዬ ማሽኑን ከፈትኩ። አልነከሰም ነበር። ወረቀቷን ይዛ ሄደች።

የስልኬን መዝገብ አየሁ። ሁሉም 12 ሰዓት አካባቢ። አንድም ቀን በጠዋት የለም፣ አንድም እሑድ የለም። ባለፈው ወር እናቷ ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ ናቲ ነግሮኛል፣ አውቅ ነበር። ያን ቀንም 12፡05 ላይ ደውያለሁ። ምን እንዳልኳት አስታውሳለሁ። ተራሽ ደርሷል።

በናቲ ስቀና የከረምኩት እሱ ያለ ወረፋ ስለሚደውልላት ነው እንጂ ፕሮግራም ስለሚሠራ አይደለም። እሱ ሆስፒታል ሄዷል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከጠዋቱ 4፡15

ሰርቨሩ ለጥገና ተዘግቷል። እስከ ነገ ጨዋታ የለም፣ ወረፋ የለም፣ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ወ/ሮ አልማዝ ባንክ ሄደዋል። ሱቁ ባዶ።

አሁን የዕረፍት ሰዓቷ ነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። የምላት የለኝም። ያቺ ሁለት ቃል ስትወሰድብኝ ምንም አይተርፈኝም ለካ። እናትሽ እንዴት ናቸው እላለሁ። ወር ዘግይቶ። ትዝጋብኝ ግድ የለም፣ እጠይቃለሁ።

ስልኩን አንስቻለሁ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢጣመም አትፍረድብኝ። እየጠራ ነው። ሦስተኛው ጥሪ ነው። አራተ—