እናቴ ከሰማች ትሞታለች ያልኸው

ለፈንታሁን፣

እንዴት ሰነበትህ ብዬ አልጀምርም። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስድብ ብቻ እየመጣብኝ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን ግን ያድርገኝ። ዛሬ ልወቅስህ ነው የተቀመጥሁት።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርህ፣ ከዚያ ጸጥ ብለህ ትሰማኛለህ። በሆዴ ትተሃት የሄድኸው ልጅ ከቫይረሱ ነጻ ናት። የመጨረሻው ምርመራ በዚህ ሳምንት ወጣ። ነርሷ ሳቅ ብላ፣ ቤሰደር፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ሺራ ጤነኛ ናት አለችኝ። በዕብራይስጥ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ጠፍቶብኝ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ሺራ የምትባለው በሐኪም ቤት ነው፤ እናትህ ምትኬ ነው የምትላት። የሕንጻውን ደረጃ በእጇም በእግሯም ብላ ትወጣለች፣ ልርዳሽ ስትባል ትቆጣለች። ግንባሯ ያንተ ነው፣ እልኋም ያንተ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት፣ ወደ መተማ ልመልስህ። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሰሊጥ አጨዳ የወረድንበትን ጥቅምት አልረሳኸውም መቼም። ለነፍሰ ጡር ተብሎ ከጤና ጣቢያ የሰጡኝን አጎበር አንተ ለሰሊጡ ነዶ መሸፈኛ አደረግኸው። ትንኝ ደግሞ ምን ታመጣለች ብለህ ሳቅህብኝ። ንዳዱ ሲይዘኝ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ሴቶቹ ደግሞ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ለክፏት ነው አሉ። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ። ከመዳፍህ እምብዛም አይበልጥም ነበር፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረው። ስም ሳናወጣለት ቀበርነው። ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ ወንዝ የወረደችው እየተባልሁ ኖርሁ። አንተም ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ተዉአት አላልህም።

እዚህ ያለችው ሐኪሜ ሥዕል እየሣለች አስረዳችኝ። ንዳዱ እንግዴ ልጁ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል፣ ከእናቱ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈውን ምግብና አየር ያጓድልበታል፤ ስለዚህ ሕፃኑ ከስቶ፣ ቀኑም ሳይሞላ ይወለዳል አለችኝ። እናቲቱ ኤችአይቪ ካለባት ደግሞ ሰውነቷ መመከት ያቅተዋል፣ ንዳዱ ይበረታባታል፣ ለልጁም ይከፋል። ያኔ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዛሬ ላይ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም አለች። ልጄን ምን እንደበላብኝ በትክክል ሳላውቅ ልሞት ነው።

አንተ ግን የራስህን ታውቅ ነበር። ልጁን ከቀበርን በኋላ አንተንም ሲጥልህ ደምህን አይተው ንዳድም ሌላውም አለብህ ብለውሃል። ይህን የሰማሁት ካንተው አፍ ነው፣ ያውም ስንት ዘመን ቆይቶ። ወደዚህ አገር ከመጣን በኋላ ምትኬን አርግዤ፣ እዚህ ቂርያት ማላኪ ደሜ ተመርምሮ የተነገረኝን ይዤ ቤት ገባሁ። እያለቀስሁ ስነግርህ አንተ አልደነገጥህም። ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ያልደነገጠ ፊትህን እስክሞት አልረሳውም። የጨጓራ ነው እያልህ ትውጠው የነበረው ክኒን የምን እንደሆነ፣ እሱንም መዋጥ እንዳቆምህ፣ ሁሉን በአንድ ቀን ነገርኸኝ።

ለምን አቆምህ ብልህ፣ ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ አመጣ አልኸኝ። አስተርጓሚዋ ወርቅነሽ ናት፣ ገዴራ የምትኖረው የሩቅ ዘመዳችሁ። ኮሪደሩ ላይ አየሃት፣ ዞር ብለህ ወጣህ፣ ከዚያ ወዲያ እግርህ አልረገጠም። ይህን ለፈረንጅ ሐኪም ብነግረው አይገባውም። እኛ ግን እንተዋወቃለን። አንዱ ገዴራ ላይ ቢያስነጥስ ያቭኔ ላይ ይማርህ የሚባልብን ሰዎች ነን። እንግዲህ ስማ፦ ለእኔም ያስተረጎመችልኝ ያቺው ወርቅነሽ ናት። እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ። ሺቫህም ላይ፣ በሰባቱ የሐዘን ቀን፣ መጥታ፣ አልቅሳልህ፣ ዳቦ አስቀምጣ ሄደች። እስከ ዛሬ ስለ አንተም ስለ እኔም ከአፏ አንዲት ቃል አልወጣችም። ከሷ ነው እንግዲህ የሸሸኸው፣ አንተ ጅል!

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሬ ክኒኔን ዋጥሁ። አንተን ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ማንም ወደማያውቅህ ከተማ እንሂድ አልሁህ። ነገ አልህ፣ ከነገ ወዲያ አልህ። እያሳልህ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ሥራህ ትሄዳለህ፣ እያሳልህ ትመለሳለህ። ስጨቀጭቅህ መልስህ አንድ ነው፤ እናቴ ከሰማች ትሞታለች። በመጨረሻ ሳንባህን ይዞህ ስትተኛ ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ። ከመሸሽህ በፊት የሰጡህ መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። ያ ሁሉ ሳያንስህ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ ብለህ አስማልኸኝ። እኔም ሞኟ ማልሁልህ።

ምትኬ ደህና ኪሎ ይዛ ተወለደች። ወዲያው ቫይረሱን የሚከላከል ሽሮፕ አስጀመሯት፣ ጡት እንዳልሰጣትም ተነገረኝ፤ በወተቴም ሊተላለፍባት ይችላልና። የእኛን አራስ ጥየቃ መቼም ታውቀዋለህ። ሴቱ ከገዴራም ከያቭኔም ገንፎውንና አጥሚቱን ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ግን ስለ ጡትሽ ነው። ወተትሽ መጣ? ደህና ትጠባለች? ጡጦውን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጡቷ እንዳይወድቅባት ነው፣ ፈረንጅ ሆናለች አሉ። መሐላህን ጠብቄ ዝም አልሁ። ወተቴ ደረቴን ወጥሮት፣ ልጄ እያለቀሰች፣ እኔ ላንተ ስም ስል ክፉ እናት ተባልሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝና ብነቃ፣ እናትህ ምትኬን ጡቴ ላይ አስጠግታ ይዛታለች። ልጅቱ እየጠባች ነበር። ጩኸቴን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ነጥቄያት አፏን በነጠላዬ ስጠርግ፣ እናትህ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ምን በደልሁሽ ልጄ፣ ጠረንሽን እንድትለምድ ብዬ እኮ ነው ትለኛለች። ምን አጠፋች? እንድታውቅ ማን ነገራት? መሐላህን እዚያው አፈረስሁት። ሁሉንም ነገርኋት።

አልሞተችም ፈንታሁን። ሰማህ? እናትህ ሰማች፣ አልሞተችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ፣ ልጅቱ አሁን ትታመም ይሆን አለችኝ፤ ነጠላዋን ለብሳ ተከትላኝ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ፣ ክኒንሽን ሳታቋርጪ ስለዋጥሽ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ በጣም አንሷል፣ አደጋው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ምርመራ እንከታተላታለን አለች። ለእናት ትንሽ አደጋ የሚባል ነገር የለም። ልጅቱ ባተኮሳት ቁጥር፣ ባስነጠሰች ቁጥር፣ እናትህና እኔ ዓይን ለዓይን መተያየት ፈርተን ከረምን። ከዚያ ወዲህ ስለ ጡጦው የሚጠይቅ ሲመጣ የምትመልሰው እሷ ናት። ሐኪም ያዘዘውን የሚያጣጥል ካለ በሩ ያውላችሁ ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ሰሃን ስታጥብ ለብቻዋ ስታወራ ሰማኋት። ቢነግረኝ እኔው አፉን ከፍቼ አስውጠው አልነበር ወይ ትላለች።

አንተ ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ በቀለለኝ። ዕብራይስጥ በምንማርበት ኡልፓን ውስጥ መምህሯ ስትጠይቅህ ብድግ ብለህ በአማርኛ ስትመልስላት፣ ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ያበጠ እግሬን ጭንህ ላይ አድርገህ ታሽልኝ ነበር። በእነዚያው እጆችህ መድኃኒቱን አንሥተህ መዋጥ እንዴት ያቅትሃል?

ነገ ሁለተኛው የሙት ዓመትህ ነው፣ እዚህ አዝካራ የሚሉት። ሰው ይመጣል፣ ሳንባው ነው የገደለው እያለ ይበላል። የእህትህ ልጅም ከገዴራ ትመጣለች። አርግዛለች፤ የደም ምርመራውን ግን አልሄድም ብላለች፣ አስተርጓሚዋ የእኛ ሰው ናት ብላ። ያንተው ቃል! እናትህ ይህን ስትሰማ መቀነቷን አጠበቀች። ነገ ከጸሎቱ በኋላ ልጄ በምን እንደሞተ ቆሜ እናገራለሁ አለችኝ። ያንቺም ስም አብሮ ይነሣል፣ እንቢ ካልሽ እተወዋለሁ አለች። ተናገሪ አልኋት። ሰላምታ የሚያሳጥሩብኝ፣ ብርጭቆዬን ለይተው የሚያጥቡት ከወዲሁ ይታዩኛል። አንተ የፈራኸው ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ይቅር ግን አላልሁህም።

ልረሳህ ብፈልግም አልችልም፣ አልፈልግምም። ምትኬ አድጋ አባቴ በምን ሞተ ብትለኝ፣ መድኃኒቱ ቤቱ እያለ፣ ሰው እንዳያየኝ ብሎ ሞተ እላታለሁ። ትወጂው ነበር ወይ ብትለኝም አልዋሻትም። እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ እርር ድብን የሚያደርገኝም እሱ ነው እላታለሁ።

የልጆችህ እናት፣
ዘነቡ