ድምፅ የሌለው ካርቡራተር

ለበኩር ልጄ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ከርሟል? እኛ ደህና ነን፤ የተቀየመን ጎረቤት ብቻ ነው። የምትጽፈው እህትህ ናት፤ ከራሷ ቃል እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ።

ሞተር ለገጠምኩላት ብስክሌት የላክኸው ካርቡራተር ደረሰኝ፤ በገዛ እጄ ገጠምኩት። የዘንድሮ ዕቃ ግን ድምፅ የለውም! ሳስነሳው ሹክ አለ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ፍጥነቱን የሚወስነውን የሚኒሞውን ብሎን አጥብቄ ጉልበት ጨመርኩለት፤ አሁንም ሹክ። ደግሜ ሳጠብቀው እናትህ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም መቀሱን እንደያዘ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ምን ይላል?»

«ሰፈሩን አፈረስከው ነው የሚለው፣ አባዬ!» ብላ እህትህ ጮኸችብኝ። ይህች ልጅ ዘንድሮ ካልጮኸች አታወራም።

እኔ እጅ እሰጣለሁ? መዳፌን ኮርቻው ላይ አሳርፌ፣ ንዝረቱ ረጋ እስኪል ብሎኑን ቀስ በቀስ አላላሁት። ልብስ ሰፊው አፉን ዘግቶ ገባ። ሙያ ማለት ይኼ ነው!

ስልክ ግን አትደውል፤ ስልካችን ተበላሽቶ ያንሾካሹካል። እህትህ ደህና ነው ብትልህ አትስማት። ባለፈው የነገርከን ቀልድ ቤቱን ሁሉ አሳቀው፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። እስቲ እሱን ጻፍልኝ፤ እህትህ እየጮኸች ታነብልኛለች።

ከነጤናህ ያገናኘን።
አባትህ