ለእህትህ ደውልላት

የሆዴ ልጅ፣ ሰላምህ ይብዛልኝ፤ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው አያሳጣህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

የጨነቀኝ የእህትህ ነገር ነው። ድልድዩ ሥር የሚያድሩትን ሰዎች ማዘጋጃ ቤቱ አባርሮ፣ ብርድ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀር በመኪና ጭኖ ወሰደባቸው። እሷ ጠበቃቸው ሆና ከሰሰች። ባለፈው እሑድ ምሳ ስንበላ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ መስኮታችንን በድንጋይ ሰበረው።

"ልጄ፣ በናትሽ ይቅርብሽ!" ብዬ ለመንኳት።

ስብርባሪውን እየጠረገች፣ "እማዬ፣ እኛ እኮ የሚሰበር መስኮት አለን" አለችኝ።

ብቻዋን መላክ አላስችል ብሎኝ ማክሰኞ ችሎት ተከትያት ገባሁ። ዳኛው በኔ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴትዮን "አድራሻዎ የት ነው?" ሲሏቸው፣ "ድልድዩ ሥር" አሉ። ሰው ሳቀ። እህትህ ብድግ ብላ፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አሁን እሱም የላቸውም" አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። ዳኛው ፍርድ እስኪሰጥ ማንም እንዳይነካቸው፣ ዕቃቸውም እንዲመለስ አዘዙ። ሴትዮዋ ሲወጡ እናቷ መሆኔን ሰምተው እጄን ጨብጠው፣ "ማህፀንሽ ይባረክ" አሉኝ።

ድንጋይ የወረወረው ግን አልተያዘም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሳላጮልቅ አልከፍትም። ሥራውን እንድትተው ምከራት ልልህ ነበር፤ አሁን እንዴት ብዬ? ብቻ ደውልላት። እኔ እንዳልደነግጥ ብላ እፊቴ አታለቅስም፤ ለወንድሟ ግን ታለቅስ ይሆናል። ካለቀሰች ዝም ብለህ ስማት።

ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ሁለታችሁንም ባንድ ላይ ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ