የብርቄ ቀይ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.

የልጄ የብርቄ አርባ ከወጣ ወዲህ ዛሬ ገና ሞሰብ ወደምንሰፋበት ቤት ተመለስኩ። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ እንደ እሷ አሳምሮ ቀይ የሚነክር አልነበረም። «ለማንም እንዳታሳዪ፤ ሙያሽን ከወሰዱ በኋላ ማን ይፈልግሻል?» እያልኩ የከለከልኳት እኔ ነኝ። እኔም ነገ እማራለሁ ስል ሳልጠይቃት ቀረሁ። ሙያው ከእሷ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

ስገባ ግን በዚያው በእሷ ቀይ የተነከረ አክርማ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ማን ነከረው?» አልኩ።

አለምነሽ አቀረቀረች። እዚያ ቤት ከምንሠራው ሁሉ አብልጬ ሙያውን ትወስዳለች ብዬ የምጠረጥረው እሷን ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ውዴ። ብርቄ ናት ያስተማረችኝ፤ እርስዎ ውኃ ሲወርዱ። እናቴ እንዳትሰማ ብላ አስምላኝ ነበር።»

ልጄ እሷን አምናለች፤ እኔን ፈርታለች። ሕመሙ መቼ እንደጀመራት እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስትወድቅ ነው ያየሁት።

«ሕመሟንስ ነግራሽ ነበር?» አልኳት።

አለምነሽ አክርማውን መሰብሰብ ጀመረች። ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለተኛ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ።