የኋላው ጥግ ሳይቀባ ቀረ

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን

ለልጆቼ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? አስቀድሜ የጠየቅሁህ ኋላ ቁጣዬ ሲመጣ እንዳልረሳው ነው። እኔ ከወገቤና ከሁለት ጥፍሮቼ በቀር ደህና ነኝ። ንዴቴ እንዲገባህ ደብዳቤውን «አንቱ» ብዬ ጀምሬው ነበር፤ ግማሽ ገጽ ከሄድሁ በኋላ ግን ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ የምጽፍ መሰለኝና ቀደድሁት።

ወደ እህትህ ቤት ከሄድህ ዘጠኝ ሳምንት ሆነ። ስደውል አታነሳም። ልጃችን «እሷ ከጻፈችልኝ አነባለሁ ብሏል» አለችኝ። ይኸው ጻፍሁ። ስርዝ ድልዝ የለበትም። አንተም እንደ ሰው ቁጭ ብለህ ከላይ ጀምረህ አንብበው፤ እንደ ጋዜጣው ከመጨረሻው ገጽ አትጀምር።

ነገሩ የመኪናው ነው። አንተ ከሄድህ ወዲህ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየመታው ቆሞ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ በሙሉ አመድ መሰለ። የፊትና የኋላ ፓራውልቱ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለው ቅስት፣ የስፖኪዮዎቹ ሽፋን፣ አንድም የተረፈ የለም። ሃያ ዓመት ጥቁር ሆኖ የኖረ ነገር በሁለት ወር እንዴት ይነጣል? ፋብሪካውን ረገምሁ። ከዚያም ራሴው አድሰዋለሁ፣ ሥራ እንዴት እንደሚሠራም ያያል ብዬ ተነሣሁ።

ሥራውን በሥርዓት ነው የጀመርሁት። ልጅ ሳለሁ ያስተማረችኝ መምህርት ደብተሬ ላይ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ካየች ገጹን በሙሉ ታስገለብጠኝ ነበር። እናም በዕቃ ሳሙና አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ ብረቱ እንዳይነካ ዙሪያውን ጋዜጣ በፕላስተር ለጠፍሁ፣ የሚነፋውን ጥቁር ቀለም የቆርቆሮው ጽሑፍ እንደሚለው እያራቅሁ ነፋሁ። ቀለሙ ጎመን ቅጠል ላይ እንደ ወደቀ ውሃ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተንከባለለ። ጠረግሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ እንደገና ነፋሁ። በማግስቱ ፕላስተሩን ስነቅል ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሎት መጣ። ሦስተኛውን ሙከራ አልነግርህም። የስድብ ቃል ስለማልጽፍ ነው።

በመጨረሻ ከማዶ ያለውን ቀለም ቀቢ ጠራሁት፤ አንተ «ቀስ በሉ» ብለህ ስም ያወጣህለትን። እጁን ኪሱ ከትቶ መኪናውን ሁለቴ ዞረው።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ምን ተቀብቷል?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያደርግም።» ጨርቅ ላይ አልኮል አንጠብጥቦ ፓራውልቱን አሸት አሸት አደረገው። ጨርቁ ከሰል መሰለ። አሸተተው። ከዚያ ያ ቁም ነገረኛ ሰው ልሳቅ አልሳቅ እያለ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የጫማ ቀለም ነው! ማነው መኪናውን ጫማ ያደረገው?»

ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብለህ ስትቦርሽ የማይህ ጫማህን የምትቦርሽ መስሎኝ ነበር! «ይህ ሰውዬ ስንት እግር አለው?» እያልሁ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስገዛልህ ኖርሁ። በዚያ ላይ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የእኛ መኪና ፕላስቲክ አይነጣም» እያልሁ ስኮራ አጠገቤ ቆመህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር።

«አሁን ምን ይሻላል?» አልሁት።

«ቀስ ብሎ ማጠብ ነው። ሁሉም ካልወጣ ምንም አይይዝም። ከዚያ ፕላስቲክና ቀለም የሚያያይዘውን ፈሳሽ ነፍተን፣ ቀለሙን በላዩ።»

አራት ቀን አጠብሁ። በአልኮል፣ በሳሙና፣ በመጨረሻም በጥርስ ብሩሽ። በየጎድጓዳው የቅዳሜህ ጥቁር ተጠቅጥቋል። ጨርቁ በነጣ ቁጥር ጨረስሁ ስል እንደገና ይጠቁራል። እያንዳንዱን ጨርቅ እረግምሃለሁ እያልሁ ነው የጨመቅሁት፤ አልዋሽህም።

የፊተኛው ጥግ ላይ ከጭረቱ ውስጥ አረንጓዴ ወጣ። መኪናውን ስታስገባ የፋቅህበት የግቢ በራችን ቀለም ነው። እሱ የአንተ ሥራ ነው፤ አንተም አልካድህም። ከዚያ ወደ ኋለኛው ጥግ ዞርሁ።

ያን እሑድ መቼም አትረሳውም። የልጃችንን አማቶች ልንሸኝ ወጥተን፣ የኋለኛውን ጥግ ጭረት አየሁና በእነሱ ፊት፣ «አንዱንስ ይሁን ብዬ ነበር፤ ይሄው ደግሞ ሁለተኛ! ዓይንህ አያይም፣ ቁልፉን አምጣ!» አልሁህ። ጥጉን አየኸው። እኔን አየኸኝ። አፍህን ከፈት አድርገህ መልሰህ ዘጋኸው። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልህ፤ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርህ። እኔ የምትመልሰው ያጣህ መስሎኝ ነበር።

ከዚያም ጥግ አረንጓዴ ነበር የጠበቅሁት። የጥርስ ብሩሹ ይዞት የወጣው ግን ቢጫ ነው።

መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። ፀሐይ ላይ ወጥቼ አየሁት። ቢጫ ነው። በራችን ላይ ቢጫ የለም፤ በመንገዳችንም የለም። ቢጫ ምሰሶ ያለው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንተ ጉንፋን ይዞህ ተኝተህ እኔ የደም ግፊቴን ልለካ ብቻዬን ነድቼ የሄድሁ ቀን መኪናውን ያቆምሁበት። ወደ ኋላ ስወጣ ጓ ያለ ነገር ነበር። ድንጋይ ነው ብዬ ወርጄ እንኳ አላየሁም።

አንተ አይተኸው ኖሯል። እዚያች ጥግ ላይ የጫማው ቀለም ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ ወፍሯል፤ በጣትህ ጭምር ነው የጠቀጠቅኸው። ቢጫውን እኔ እንዳላይ።

እሺ፣ አሁን ማንን ልቆጣ? ዘጠኝ ሳምንት በአንተ ላይ ያጠራቀምሁትን ቁጣ የት ልድፋው? አንድ ነገር ብትናገር ምን ነበረበት! «ያንቺ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። በሰው ፊት ባትለኝ እንኳ ማታ ራት ላይ ልትለኝ ትችል ነበር። ሰውን በዝምታ እንዲህ ማሳፈር ከየት የተማርኸው ነው?

ሌላው በሙሉ ተቀብቷል። በስስ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ሩብ ሰዓት እያደረቅሁ። «ቀስ በሉ» እንኳ ጎንበስ ብሎ አይቶ እንከን አላገኘም። ወደ ኋለኛው ጥግ ሲደርስ፣

«ይቺንም ልንፋት እትዬ?» አለ።

«ተዋት።»

«ታስጠላለች እኮ!»

«ታስጠላ።»

ፊቴን አየና ቆርቆሮውን ከደነ።

ለልጃችን አማት ትናንት ደውዬ «ያ ሁለተኛው ጭረት የእኔ ነው» አልኋት። እስክትስል ድረስ ሳቀች። ለባሏም ንገሪው ብያታለሁ። ክሊኒኩ ረቡዕ ረቡዕ የዓይን ሐኪም ይመጣል። ለሚቀጥለው ረቡዕ የሁለት ሰው ስም አስመዝግቤያለሁ። እስከዚያ ማንም አይነዳም፤ ቁልፉ አንተ የሰቀልህበት ሚስማር ላይ ነው፤ አልነካሁትም።

እህትህን ሰላም በልልኝ፤ ዘጠኝ ሳምንት ስለቻለችህ ዕድሜ ይስጣት። አንተንም ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፣ ስትወርድ ብረቱን ያዝ።

የልጆችህ እናት

የተረፈችውን አንዲት ቆርቆሮ የጫማ ቀለም አልጣልኋትም። ከአልጋው ሥር፣ ጫማህ አጠገብ ናት። ለጫማ ብቻ።