ያልጠቆረው ቦታ

ለውድ ልጄ ለእሱባለው፣

መድኃኔዓለም ከአገሩ በረዶም ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። እኔ በጤናዬ አለሁ። ከየቡ ገጠር የሚመጣው ቡና ዘንድሮም እዚሁ ጎረቤታችን ባለው መፈልፈያ ስለሚፈለፈል የገለባው ብናኝ ቤቱን ሞልቶታል።

ከኪየቭ የላክኸው የአየር ማጽጃ ይሠራል። ውስጡ ያሉት መርፌዎች በኤሌክትሪክ ብናኙን ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል ብለህ እንደጻፍከው፣ አየሩ ጠራ፣ ግድግዳው ጠቆረ። የአባትህም ሳል በረደላቸው። አጠገቡ ወንበር አስጠግተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይውሉ ነበር። የተደገፉት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ትከሻቸው፣ ወደ ግራ ያዘነበለው ራሳቸው ሳይቀር ይለያል።

ልጄ፣ ብቻህን ከሆንክ ማንበቡን እዚህ ላይ አቁም። ያገርህን ልጅ ጥራና አብራችሁ አንብቡ።

አባትህ በጥቅምት ዐርፈዋል። ትምህርቱን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረው ብለው ዘመዶች ስለከለከሉኝ፣ በኅዳሩ ደብዳቤ ደህና ናቸው ብዬ ዋሸሁህ። ዛሬ የምነግርህ ግድግዳው ስላስጨነቀኝ ነው። ከአርባቸው በኋላ ወንበሩን አወጣሁ፤ ለገና ግድግዳውን በኖራ አስቀባሁት። ይኸው ፋሲካ አለፈ፣ ግድግዳው እንደገና ጠቁሯል። እሳቸው የነበሩበት ግን ዛሬም ነጭ ነው፤ ራሳቸውም እንዳዘነበለ ነው። ጎረቤቴ ፋንቱ አይታ «የማጽጃውን ሶኬት ንቀይውና ይረፉ» አለችኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ከነቀልኩት የሚሄዱ መሰለኝ።

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ስትጽፍልኝ ለእሳቸውም ሰላምታ አትርሳ።

እናትህ ውቢት
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ