የቦራው ዝምታ

ኅዳር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጠዋት ሁለት ክፍል አስተማርኩ። መብራት ሄደ። የኮምፒውተር ትምህርት በጠመኔ... ተማሪዎቹም ለምደውታል፣ እኔም።

ከሰዓት እንጅባራ እንስሳት ክሊኒክ። ዶክተር እመቤት እሺ አሉኝ! ዕድሜያቸውን ሙሉ የአዊን ፈረስ ያከሙ ሰው ናቸው። ለማስተርስ ጽሑፌ የሚያውቁትን ሊነግሩኝ፣ እኔም ወደ ኮምፒውተር ልከተው። አንድ የቀበሌ እንስሳት ጤና ሠራተኛ ፈረስ ቁርጠት ሲይዝበት ምልክቶቹን ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ "እዚሁ ይታከም" ወይም "ቶሎ ሐኪም ይድረስለት" ይለዋል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

"በምን ያውቁታል?" አልኳቸው።

"መሬት ይጭራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ይንከባለላል። ድዱ ነጣ ይላል።"

"ነጣ ማለት ምን ያህል?"

"ነጣ ነዋ!" ብለው ሳቁብኝ።

ኅዳር 8

የመጀመሪያውን ሙከራ አሳየኋቸው። የልብ ምቱ ከስድሳ በላይ ከሆነ አደገኛ፣ በታች ከሆነ ደህና። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሃምሳ ዘጠኝ የሆነውስ? ደህና ነህ ብለሽ ልትሸኚው ነው?"

በአንድ ምት ልዩነት ፈረስ ከጤነኛ ወደ በሽተኛ ይሻገራል? የባሕር ዳሩ አማካሪዬ ስለ ፈዚ ስብስብ፣ ድንበሩ ቁርጥ ስላልሆነው ስብስብ፣ አንብቢ ሲለኝ ሰንብቷል። እኔ ነኝ ያቀለልኩት።

ኅዳር 14

ገጠር፣ ትርባ፣ አባቴ ዘንድ ዋልኩ። አባባ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ተጨነቅሁ... እንዴት ተብሎ ይነገራል? ፈረሳቸው ቦራው ደጅ ታስሯል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከሩቅ ይታያል። በእርሱ ጀመርኩ።

"አባባ፣ ቦራው አርጅቷል?"

"ኧረ አላረጀም።"

"ወጣት ነው?"

"ወጣትስ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ወደ እርጅናው ነዋ።"

"ይኸው! እኔ ለኮምፒውተሩ የማስተምረው ይህቺን 'ወደ' ነው።"

አሰቡና "ይህንንማ ማን የማያውቀው አለ?" አሉ። እውነት ነው። ከኮምፒውተር በቀር ሁሉም ያውቀዋል።

ማታ በጽሑፍ ሞከርኩት። በተለመደው ስብስብ አንድ ነገር ወይ ውስጥ ነው ወይ ውጭ። በፈዚው ግን ከዜሮ እስከ አንድ ድረስ በልኩ ይገባል። ቦራው "አሮጌ" ውስጥ በዜሮ ነጥብ አራት አለ፤ "ወጣት" ውስጥም በዜሮ ነጥብ ሦስት። ሁለቱም ቤት እግር አለው። "ነጣ ያለ"፣ "ፈጠን ያለ"፣ "ሞቅ ያለ"... አማርኛ ስንናገር ቀኑን ሙሉ የምንለው እኮ ነው። እኔ ባዕድ ነገር እየፈለግሁ ነበር።

ታኅሣሥ 3

ደንቦቹ ሠሩ! ሕመሙ ከበረታ፣ ድዱም ነጣ ካለ፣ አስቸኳይነቱ ከፍ ይላል። ሕመሙ ቀለል ካለ ዝቅ። ዶክተር እመቤት "አሁን ሰው ሰው መሽተት ጀመረ" አሉ። እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ታኅሣሥ 10

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እረፍት ላይ ስልክ ጠራ። አባባ። እርሳቸው እኮ አይደውሉም... ቦራው ሌሊት ተፈትቶ አውድማ ገብቶ ገብስ ሲበላ አድሯል። ጠዋቱን ሙሉ ሲንከባለል አረፈደ።

"አሁንስ?" አልኳቸው።

በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል። አልገባኝም። ደግመው አሉት። አሁንም አልገባኝም። የገዛ አባቴ!

"በአማርኛ፣ አባባ..."

ቃል ፈልገው "ዝም አለ" አሉ። "ቆሟል። ዝም ብሏል።"

"ተመስገን! ተሽሎታላ!"

ስልኩን ዘግቼ ደስ ብሎኝ ለዶክተር እመቤት ደወልኩ፣ ወሬ ልነግራቸው ብቻ። ድምፃቸው ተለወጠ።

"ማን ነው ተሻለው ያለሽ? መልሰሽ ደውዪ። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ። ጆሮውን ይንኩ።"

ኔትወርክ የለም። ደወልኩ፣ ደወልኩ... በመጨረሻ ገባልኝ።

"ድዱ ነጣ ብሏል" አሉ አባባ፣ "ዳር ዳሩ ጠቆር ይላል። ጆሮው በረዶ ነው።"

ይህን ስነግራቸው ዶክተር እመቤት አንድ ቃል ብቻ አሉ፦ "ተነሺ።"

በክሊኒኩ ሞተር ከኋላቸው ተፈናጥጬ ሄድኩ። መንገዱን አላስታውሰውም። ቦራው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ላቡ ቀዝቅዟል። አባባ ግንባራቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው በአዊኛ ያናግሩታል። ዶክተር ደረቱን አዳመጡና ፊታቸው ጠቆረ።

"ፈረስ ማስመለስ አይችልም" አሉኝ ቱቦውን በዘይት እየቀቡ። "የበላው መውጫ ሲያጣ ሆዱ ይነፋል። መታገል ሲያቅተው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ጤና አይደለም።"

በአፍንጫው አስገቡት። አባባ ጭንቅላቱን ያዙ፣ እኔ የውሃውን ባልዲ። መጀመሪያ ጋዝ፣ ቀጥሎ የቦካ ገብስ ከነአረፋው... ሽታው! ውሃ ይጨምራሉ፣ ያወጣሉ፣ ይጨምራሉ፣ ያወጣሉ። ክንዳቸው ዛለ፣ አላቆሙም። ወደ ማታ ቦራው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጆሮውን አንቀሳቀሰ። አባባ ቁጭ አሉ፣ መሬት ላይ፣ እንደ ሕፃን።

ታኅሣሥ 11

"ቆሞ አደረ። ውሃም ጠጣ።" አባባ ናቸው፣ በጠዋት። መምህራን ክፍል ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ታኅሣሥ 13

ላፕቶፑን ለመክፈት ፈርቼ ነበር። ዛሬ ከፈትኩትና የቦራውን የሐሙስ ምልክቶች አስገባሁ። ሕመም፦ ዝቅተኛ። ውጤት፦ "እዚሁ ይታከም።"

ሐሙስ ዕለት መብራት ቢኖር፣ ላፕቶፑም አጠገቤ ቢሆን፣ ለዶክተር ሳልደውል ይህን አይቼ እፎይ እል ነበር? እል ነበር።

ታኅሣሥ 14

ለዶክተር እመቤት አሳየኋቸው። አልሸሸግሁም።

"ዝምታው አደገኛ መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።" ቀጥለውም፣ "እውነቱን ልንገርሽ? እንደማውቀውም አላውቅም ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ነው የመጣልኝ።"

እኔ ደግሞ ዕውቀታቸው እንደ ጎተራ እህል ተከምሮ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ በሽተኛው ፊታቸው ሲቆም ብቻ ነው የሚመጣላቸው። እስኪጨላልም አብረን ተቀመጥን። አዲስ ደንብ፦ ሕመሙ ድንገት ከቀነሰ፣ ድዱ ግን ነጣ ወይም ጠቆር ካለ፣ ልቡም ፈጠን ካለ፣ በጣም አስቸኳይ። ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር እኮ። ቂጣ ነው ያበሉኝ፣ የጾም።

ታኅሣሥ 19

ትርባ። ቦራው ከስቷል፣ ግን ገለባ ያኝካል።

ያን ቀን በስልክ ያሉኝን ቃል ጠየቅኋቸው። አባባ አፈሩ። "አማርኛው አልመጣልኝም ነበር" አሉ። እርሳቸው ይፈሩ?

ለዝምታ ሁለት ቃል አላቸው። አንዱ ጠግቦ ላረፈ ከብት። ሌላው አቅም አጥቶ ለተወ። ያን ቀን ሁለተኛውን ነበር ያሉኝ። ሁለቴ ነግረውኛል! እኔ "በአማርኛ" ስላቸው ሁለቱም "ዝም አለ" ሆነ።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው ለትምህርት ዳንግላ፣ አክስቴ እታለማሁ ቤት የሄድኩት። የእትዬ ቤት ሙሉ አማርኛ ነበር። እንደ እናት ነው ያሳደገችኝ፣ እግዜር ይስጣት፤ ማንም አላጠፋም። ቋንቋዬ ግን እዚያው እንደ ወጣሁበት ዕድሜ ቀረ፦ ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ሂድ።

"ሌላስ?" አልኳቸው። "ለሕመም ምን ምን ቃል አለ?"

መናገር ጀመሩ። ለጀማሪው ሕመም፣ መጣ ሄድ ለሚለው፣ ለሚጥለው... እያንዳንዱን ሲሉ ፊታቸውን እንደ ፈረሱ ያደርጋሉ። ሳቅን! ከአባባ ጋር እንዲህ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እነዚህ ቃላት ደንቦቹ ውስጥ መግባት አለባቸው። የቀበሌው ሠራተኛ የሚሰማው በዚህ ቋንቋ ነው።

ጥር 2

ትርባ። አዊኛ ልለማመድ ስል ዛሬ ከስህተቴ ብዛት የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ሳቁብኝ። አባባ አባረሩልኝ፣ እርሳቸውም ግን እየሳቁ ነበር።

ጥር 23

የፈረሰኞቹ በዓል። እንጅባራ ጢም ብላለች። አባባ ዘንድሮ አልጋለቡም፤ ቦራው ገና ነው። ከእኔ ጋር ቆመው አዩ። ጓደኞቻቸው "ቦራውስ?" ሲሏቸው "እያገገመ ነው፣ እርሷ ናት ያተረፈችው" ብለው በሕዝቡ መሀል ዶክተር እመቤትን አሳዩ። ዶክተር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አፍረው!

መጋቢት 6

በክሊኒኩ የቆዩ የሕሙማን ካርዶች ፕሮግራሙን ፈተንነው። አብዛኛው ተስማማ። በጥቂቱ ተለያየን። ዶክተር አንዱን ካርድ ደጋግመው አዩና፣ "በዚህስ ፕሮግራምሽ ነው ልክ። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር መሰለኝ" አሉ። እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ?

አማካሪዬ የአዊኛውን ክፍል ወደደው። "ይህን ከየት አመጣሽው?" አለኝ። "ከአባቴ" አልኩ። እንዲህ ማለት እንዴት ደስ ይላል...

ግንቦት 16

ጽሑፌ ካለፈ ሳምንቱ። ፕሮግራሙን አሁን ግምጃ ቤት ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ እየሞከረው ነው። የሚሳሳትበትን ይጽፉልኛል፣ አስተካክላለሁ። ብዙ ይቀረዋል። ይቅረው።

ዛሬ ትርባ ነበርኩ። አባባ ከጓሮ ናቸው፣ እኔ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ሴት በቅሎ እየጎተተች መጣች። ወይዘሮ ደጊቱ ትባላለች፤ ከወዲያ ማዶ፣ አላውቃትም፣ አታውቀኝም። በአዊኛ ጀመረችኝ። በቅሎዋ ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። እኔም በአዊኛ ጠየቅኋት፦ ተንከባለለች? ጎኗን ታያለች? ከንፈሯን ገልጬ አየሁ፣ ጆሮዋን ነካሁ። ሞቅ ያለ ነው። ዝምታዋም የመጀመሪያው ዝምታ ነው፣ ያረፈ ከብት ዝምታ። ትንሽ ታንሸራሽራት፣ ውሃ ትስጣት፣ ማታ ካልበላች እንጅባራ ክሊኒክ ትውሰዳት አልኳት።

አባባ ከጓሮ ብቅ ብለው ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ እንጃ። አላረሙኝም።

ሴትዮዋ ከመሄዷ በፊት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መረቀችኝ። ረጅም ምርቃት ነው፣ በአዊኛ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። ለእጄ፣ ለዓይኔ፣ ለወለደኝ፣ ለሚወለድልኝ... በየመሀሉ አሜን አልኩ።

ሁሉም ገባኝ።